ባዳ ጆሮ

ወንድሜ ባትላሜራ ነበር። የተጨራመተ የመኪና በር፣ የታጠፈ ኮፈን፣ ወደ ውስጥ የገባ ፓራፋንጎ ያመጡለታል፤ በመዶሻ እያባበለ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሰዋል። ድራም መምታትንም የተማረው እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ብረት ሲቀጠቅጥ እሱ የሁሉንም ምት ያዳምጥና የራሱን መዶሻ በመሃል በመሃል ያስገባል። አለቃው «ስማ፣ መኪና ነው የምትጠግነው ወይስ ሙሽራ ታጅባለህ?» እያለ ይጮህበት ነበር።

በስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ ጋሼ ነው የምለው። እሱም እታለም ይለኛል። አባታችን ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ የሚፈርመው እሱ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ ስል እናታችን «ስሞት ትሆኛለሽ» አለችኝ። ጋሼ ግን «ከኔ ጋር ከሆነስ?» ብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመናት። በመጨረሻ «ከዓይንህ ከጠፋች ወዮልህ!» ብላ ለቀቀችኝ።

ሦስተኛችን ሽቦ ነው። ቀጭን ስለሆነና ኪሱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ተለይቶ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው ከሄዱት ዕቃዎች አንጀት እያወጣ፣ የሚያቃስቱ፣ የሚያፏጩ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ የሚንጣጡ ሣጥኖች ሠራ። ጊታርም ይጫወታል። ጋሼን «አለቃ» ይለዋል፤ ጋሼ በሕይወቱ ማንንም አዝዞ ባያውቅም።

ቡድናችንን «ዝገት» አልነው። ልምምዳችን ከጋራዡ ጀርባ ባለው የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን ውስጥ ነበር። ባለ መጋዘኑ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ይሰጠናል፤ በምትኩ ጋሼ የፍራሽ ማመላለሻ መኪናውን ይጠግንለታል። እስከ ጣራ የተደረደረው ስፖንጅ ድምፃችንን ውጦ ስለሚያስቀረው ጎረቤት አልከሰሰንም። የመጀመሪያውን አልበማችንን እዚያው በዘጠኝ ቅዳሜ ቀዳን። ሲዲውን ሽቦ አንድ በአንድ አባዛ፣ ሽፋኑን እኔ በእጄ ቀባሁ፣ በየኮሌጁ በር ቆመን ሸጥን። አሳታሚ የለን፣ ሥራ አስኪያጅ የለን። ኮንሰርት ሲገኝ ዕቃችንን በፍራሽ መኪናዋ ጭነን፣ እኛም ፍራሹ ላይ ተጋድመን እንሄዳለን። «እንቅልፉን ጠግቦ መድረክ የሚወጣ የሮክ ቡድን በዓለም ላይ እኛ ብቻ ነን» ይል ነበር ሽቦ።

እንዲህ ዘጠኝ ዓመት ኖርን። ሁለተኛ አልበም ሠራን። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ አንዲት ዘፈናችንን ደጋግሞ ሲያጫውት ሰው ያውቀን ጀመር። ሰው የሚያነሳው ግን የኔን ድምፅም ሆነ የሽቦን ሣጥኖች አልነበረም፤ «ያ ድራመራችሁ!» ነበር የሚለው። የጋሼ ምት ከዘፈኑ በጥቂቱ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እንደሚለው ዓይነት ነው። ሌሎች ድራመሮች ሊኮርጁት ሞክረው የሰነፉ ብቻ መሰሉ።

በአሥረኛው ዓመት አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ውስጥ እንድንጫወት ጋበዘን። ተማሪዎቹ የጭስ ማሽን ተከራይተው ነበር፤ አሠራሩን የሚያውቅ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ዘፈን መሃል ማሽኑ አልቆም አለና መድረኩን በሙሉ ጭስ አለበሰው። የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ። ተማሪው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። እኔና ሽቦ ቀጠልን። ድራሙ ግን መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ከኛ ተለይቶ የራሱን መንገድ ያዘ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ጭሱ ሲሳሳ ዞር አልኩ። ጋሼ እንጨቶቹን እንዳነሳ፣ አፉን ከፍቶ፣ ገበያ መሃል ልጁ እንደጠፋበት ሰው ይፈልገኛል። ዓይኑ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ምቱን ያዘ።

ስንመለስ ሽቦ ከሾፌሩ ጋር ፊት ተቀመጠ። እኔና ጋሼ ከኋላ ፍራሹ ላይ ነበርን። አፌን በሻርፔ ሸፍኜ «ጋሼ፣ ውሃ ልስጥህ?» አልኩት። ዝም አለ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዝም። ሻርፑን ሳወርደው ገባው።

«ካቻምና ነው የጀመረው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ ሄደ። ያንቺ ድምፅ የሄደው ባለፈው ክረምት ነው።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምትጫወተው?»

«ልትዘፍኚ ስትተነፍሺ ትከሻሽ ይነሳል። እሱን አያለሁ። የወፍራሙን ድምፅ ደግሞ በእግሬና በደረቴ አገኘዋለሁ። አንቺ ከፊቴ አትጥፊ እንጂ ምንም አልሆንም።»

«ሐኪም ጋ ሄድክ?»

«መዶሻውንም እንጨቱንም ጣል አለኝ። ሁለቱን ጥዬ ምን ልሁን፣ እታለም?»

ለሽቦ እንንገረው ስለው እጄን ያዘኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ። በአባታችን አጥንት ማዪልኝ።»

ማልኩለት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ለጋሼ ሰጥቼ፣ ከመድረኩ መሃል ሳልነቃነቅ ዘፈንኩ። ተረከዜን መሬት ላይ እመታለታለሁ፣ ትከሻዬን አጋንኜ አነሳለሁ። ሰው «እንደ ሐውልት ቆማ የምትዘፍነው» እያለ ያደንቀኝ ጀመር። እኔ ግን ጋሼ ተሳስቶ እንደሆነ እያልኩ በየዘፈኑ ስሳቀቅ፣ ዘፈን የሚባለው ነገር ደስታው ጠፋብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንዴ እጠላው ነበር። ወንድሜን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ዓይኑን።

በዚህ መሃል ነው አስመጪው የመጣው። የድምፅ ማጉያ ከውጭ እያስመጣ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በኋላ ሙዚቃ ማሳተምም ጀምሮ ነበር። እኔንና ሽቦን ቢሮው ጠራን። ጋሼ አንድ ሚኒባስ ለማድረስ ቀጠሮ ስለነበረው አልመጣም። አስመጪው በሃያ ሁለት ከተሞች ጉዞ አዘጋጅቶልናል፤ ሦስተኛውን አልበም እሱ ያሳትማል። ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እስክሪብቶውን እያዞረ እንዲህ አለ፦

«አንድ ነገር ብቻ። ድራሙ እየዋለለ ነው። አንዱን ቀን ቀጥ ይላል፣ አንዱን ቀን ሰክሮ የመጣ ይመስላል። አሁን ሰው ኤሌክትሮኒክ ነው የሚፈልገው። ለድራሙ ማሽን አድርጉበትና በሁለት ሂዱ።»

ሽቦ ተነሳ። «ዝገትን ዝገት ያደረገው ድራሙ ነው። አለቃ ከሌለ እኔም የለሁም» አለና በሩን ከፈተ። አስመጪው ውሉን መሰብሰብ ጀመረ።

ሠላሳ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለቱን ዓመት ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ከኮሌጅ ኮሌጅ ዞሬያለሁ። የወረቀቱን መታጠፍ ሳይ ራሴን መያዝ አቃተኝ።

«አይሰማም» አልኩ። «ጋሼ አይሰማም። ጆሮው ሄዷል።»

ሽቦ በሩን እንደያዘ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ሊሆነው ነው። እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመት።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ጋሼ በዚያች ሰዓት ጋራዥ ውስጥ ሆኖ የሚኒባስ በር እየደበደበ፣ እኛ በሱ ላይ ፈረድንበት። የሱን ምት አንድ በአንድ ቀድቶ በማሽን ማጫወት እንደሚቻል የተናገረው አስመጪው ነው። «ይህን ለወንድሜ እኔ እነግረዋለሁ» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

አልነገርኩትም። ቀረጻው ሁለት ቀን ፈጀ። ጋሼ ለሥራ የማይለብሰውን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ስቱዲዮ መጣ። ሽቦ ከመስተዋቱ ወዲያ ሚክሰሩ ላይ ተቀመጠ። አንዷን ከበሮ በቀስታ፣ ደግሞ ጠንከር አድርጎ፣ ደግሞ በሙሉ ኃይል፤ ከዚያ ሌላዋን፤ ከዚያ የነሐስ ሳህኖቹን። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ድምፁ እስኪሞት ዝም ብለን እንጠብቃለን።

«ሽቦ አንድ በአንድ የሚያስመታኝ ምን ሊያደርግበት ነው?» አለኝ በዕረፍት ሰዓት።

ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ከንፈሬን እንዲያነብ ቀስ ብዬ «እንዲያግዝህ ነው፣ ጋሼ። ጉዞው ረጅም ስለሆነ እንዳትደክምብን» አልኩት።

አመነኝ። ከሰዓት በኋላ እንዲያውም ባሰበት፤ «ይቺ ጥሩ አልወጣችም፣ ልድገማት» እያለ መዳፉ እስኪላጥ መታ። ሽቦ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ።

ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው አስመጪው የተጓዦቹን ስም ዝርዝር ላከ። ጋሼ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ጨርሶ ነበር። ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሽቦ ሱቅ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁለት ስም።

«ስለ ጆሮዬ ለሰውየው የነገረው ማነው?» አለ። እኔን አላየኝም። የሚያየው ሽቦን ነው። «አንተ ነህ አይደል? ማሽንህን እየሠራህ አይተኸኛል። ደርሰህብኛል።»

ሽቦ የጋለውን መበየጃ ከእጁ አላስቀመጠም። ዞር ብሎ አየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ።

«አዎ» አለ ሽቦ። «እኔ ነኝ፣ አለቃ።»

ጋሼ አልመታውም፣ አልሰደበውምም። «አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ወንድሜ ነበር የማይህ» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አጽናናኝ ማለት ነው። እኔን።

ጋሼ ከሄደ በኋላ «ለምን?» አልኩት ሽቦን።

«ጓደኛ ይተካል። እህቱን በምን ይተካታል?» አለና ሥራው ላይ አጎነበሰ። «ስትችዪ ትነግሪዋለሽ።»

ሄድን። ጉዞው የተሳካ ነበር፤ መቼም ውሸት አላወራም። አዳራሾች ሞሉ፣ አልበሙ ተወደደ። ሽቦ አንዲት ቁልፍ ሲጫን የጋሼ ምት ከኋላዬ ይነሳል፤ ያ ወደ ኋላ ጎተት የሚለው ነገሩ ሳይቀር። ሽቦ እሱን ማሽኑ ውስጥ ለማስገባት አርባ ቀን ፈጅቶበታል። ጋዜጠኞች «ማሽን ሆኖ እንዴት ነፍስ ኖረው?» ብለው ሲጠይቁት «ከሰው የመጣ ነው» ይላል። እኔ መድረክ ላይ እንደ ልቤ መሮጥ፣ መዝለል ቻልኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ግን አላይም ነበር።

ሦስት ዓመት ቆየን። በሁለተኛው ዓመት ትልልቅ አዳራሾች፣ በሦስተኛው ትንንሾቹ። የሰው ጆሮ ሌላ ነገር ለመደ፤ አስመጪውም ሌሎች ልጆች አገኘና ስልክ ማንሳት ተወ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ዕቃ ስንጭን ሽቦ «ይበቃናል መሰለኝ» አለ። «አዎ» አልኩ። የዝገት ፍጻሜ ይኸው ነው። እሱ ወደ መጠገኛ ሱቁ ተመለሰ። እኔ የአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የጉዞ ሰዓት በድምፅ ማጉያ የማሳወቅ ሥራ አገኘሁ፤ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ጋሼ ያኔ ጨርሶ መስማት አቁሞ ነበር። ጋራዡ አላባረረውም። «እዚህ ቤት መደንቆር ጸጋ ነው» እያለ ይቀልዳል። እኔንም ሽቦ ያታለለኝ ስለመሰለው ከኔ ጋር ፍቅራችን እንደ ድሮው ነበር፤ ያ ነው የሚያቃጥለኝ። የሽቦ ስም ሲነሳ ግን ፊቱ ይዘጋል። የሽቦ ሱቅ ከጋራዡ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው፤ ጋሼ በዚያ ላለማለፍ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በገበያው ዞሮ ይሄድ ነበር። ሽቦ መንገድ ላይ አግኝቶ ሰላም ሊለው ሲቀርብ እንደማያውቀው ሰው አልፎት ሄዷል። እኔም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሌላ ሦስት ዓመት አለፈ። ሲደመር ስድስት።

ከዚያ የሽቦ ኩላሊት እምቢ አለ። ድሮም ቀጭን ነው፤ አሁን አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ ባዶ ይመስላል። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ሌላ ነገር አያነሳም፤ «አለቃ እንዴት ነው?» ብቻ ነው። ዶክተሩ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ባለኝ ማግስት ጋራዥ ሄድኩ። ጋሼ የአንዲት ታክሲ ኮፈን ላይ አጎንብሶ ይቀጠቅጣል። ከኋላው ቆምኩ። ከጀርባው እንደቆምኩ፣ ሁሉንም፣ ከቢሮው ጀምሮ እስከ ሽቦ ሱቅ ድረስ ያለውን፣ በሙሉ ድምፄ ተናገርኩ። አጠገቡ የነበረው ቀለም ቀቢ ሰምቶኝ ብሩሹን አቁሞ አየኝ። ጋሼ መዶሻውን አላቆመም። ሳይዞር ወጣሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሽቦ «ነገርሽው?» አለኝ።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«አይቶሻል ስትነግሪው?»

ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመርኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በፊት ፊቱን አዙሮብኝ አያውቅም።

ያን ዕለት መናኸሪያው ውስጥ፣ በሁለት ማስታወቂያ መካከል፣ በመነሻ ሰዓት ቅጽ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። አራት ጊዜ ቀደድኩ። አምስተኛው አምስት መስመር ብቻ ነበር፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሽቦ እንዲያውም ያለ አለቃ አልሄድም ብሎ ተነስቶ ነበር። ጥፋቱን የወሰደው ለኔ ብሎ ነው። ስድስት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ። ሽቦ እየሞተ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ግራሶ በነካው እጁ ተቀብሎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እጁን በናፍጣ ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ።

«የት ነው የተኛው?»

ይዤው ሆስፒታል ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። በፊቴ አልፎ ወደ ደረጃው ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይሄድ ነበር። ነርሷ «ወንድምሽን አደብ አስገዢልኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፈገግ እያለች። ሽቦ በጣቱ የአልጋውን ብረት ይመታል፤ ጋሼ መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ ይቀበለውና በሌላ እጁ ይመልስለታል፤ የጎን በሽተኞች መተኛት አቃታቸው። እኔ ልግባ ብዬ አልጠየቅሁም። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ሽቦ ሞተ።

ጋሼ የሬሳ ሣጥኑን ከአራቱ አንዱ ሆኖ ተሸከመ። ከቀብር ስንመለስ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ወደኔ መጣ። ድምፁ፣ ራሱን ስለማይሰማው፣ ከሚገባው በላይ ይጮሃል፤ ሰው ዞር ብሎ ያየን ነበር።

«ስለ ጆሮዬ ማውራትሽን ይቅር ብያለሁ» አለ። «አንቺ ባትናገሪው አንድ ቀን መድረክ ላይ መዋረዴ አይቀርም ነበር። እሱስ ይሁን። ስድስት ዓመት በዚያ ሰው ሱቅ በር ላለማለፍ የዞርኩትን መንገድ ግን መልሺልኝ። እጁን ሲዘረጋልኝ ጥዬው ያለፍኩትን ቀን መልሺልኝ።»

ቆምኩ። ትንሽ ጠበቀኝና ሄደ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ እናታችንን ሊጠይቅ ይመጣል። ይስማታል፣ የፈሰሰ ቧንቧ ካለ ያጠብቃል፣ ይበላል። እኔንም «እንዴት ነሽ?» ይለኛል፤ ከዚያ መልሴን ሳያይ ፊቱን ወደ ሳህኑ ይመልሳል። እናታችን አርጅታለች፤ ቢሆንም ዓይኗ አልደከመም። ባለፈው ቅዳሜ እሱ ከወጣ በኋላ «አንቺ፣ ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ።

«ምንም፣ እማዬ። ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።